እንደ አቡጀዲ ጣቃ

ሞተር ቢስክሌት ላይ ከኋላ መቀመጥን ያስተማረኝ የአቡጀዲ ጣቃ ነው። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ወደሚሸጠው የአባቱ ሱቅ ገባ። እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ሱቁ አንድ አሮጌ ሞተር ነበረው። ጣሊያን ትቶት የሄደ ነው ይሉ ነበር፤ ነገር ግን መርካቶ ውስጥ ያረጀ ብረት ሁሉ ጣሊያን ትቶት የሄደ ስለሚባል እውነቱን አላውቅም። የጓደኛዬ ሥራ ለልብስ ሰፊዎች ጨርቅ ማድረስ ነበር። ጣቃውን ከኋላው መቀመጫ ላይ በገመድ ጥፍር አድርጎ ያስርና በሰውና በአህያ መካከል እየተሹለከለከ ይሄዳል። ጣቃ በሌለ ጊዜ እዚያ መቀመጫ ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ከሰባተኛ ሰፈር ወደ አማኑኤል ስንሄድ ሞተሩ መታጠፊያው ላይ ወደ ግራ አጋደለ። የምወድቅ መሰለኝና ወደ ቀኝ ተወጠርኩ። ከአንድ የበርበሬ ጆንያ ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፍን። ጓደኛዬ ሞተሩን አቆመና ዞሮ አየኝ።

«ስማ፣ ከአንተ በፊት እዚህ የተቀመጠው ጣቃ ነው» አለኝ። «ጣቃ አይፈራም። እኔ ወዲህ ስታጠፍ እሱ ወዲያ ልሂድ አይልም። አንተም ጣቃ ሁን።»

ሆንኩ። ጀርባዬን አቅንቼ፣ እጆቼን ወገቡ ላይ አድርጌ፣ ሞተሩ ሲያጋድል አብሬ አጋድላለሁ፤ ሲቃና አብሬ እቃናለሁ። ከራሴ የማደርገው ምንም ነገር የለም። የታዘዝኩትን በደንብ መፈጸም ስለምወድ በዚህ ነገር ጎበዝ ሆንኩ። ጓደኛዬም «ከአንተ የተሻለ ጭነት ጭኜ አላውቅም» ይለኝ ነበር። ቅጽል ስሜ በዚያው ጣቃ ሆኖ ቀረ።

ባለፈው ክረምት የማትሪክ ውጤቴ መጣ። ጓደኛዬ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«አልፈሃል አሉ። ምን ልስጥህ?»

«ሞተሩን።»

«ሞተሩ የሐጂ ነው።» አባቱን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐጂ ነበር የሚላቸው።

«ልውሰደው አላልኩም። ልንዳው። ገጠር ወጥተን፣ መንገዱ የሚጠማዘዝበት ቦታ ላይ።»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። «እሺ። ከተማ ውስጥ ግን አትነካትም። አንዷን አሮጊት ትገጭና ሐጂ በእሷ ፋንታ እኔን ይሰጣሉ። ገጠር ስንወጣ ትነዳለህ፤ ቃሌ ነው።»

ግን ክረምት ስለነበረ መንገዱ አይመችም ብለን ተውነው። ክረምቱ ሲወጣ እኔ ስድስት ኪሎ ገባሁና ማደሪያዬ እዚያ ሆነ። እሱ ደግሞ በበዓላት ሰሞን ከሱቅ ራሱን ቀና ማድረግ አልቻለም። በተገናኘን ቁጥር «ያቺ ነገርስ?» እለዋለሁ፤ «አለች፣ የት ትሄዳለች» ይለኛል። እኔም የትም የምትሄድ አልመሰለኝም ነበር።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት መጣሁ። ጓደኛዬን ከእናቴ ጋር ጓዳ በር ላይ ቆሞ ሲያወራ አገኘሁት። እኔን ስታይ እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣ።

«ሞተሩ ተሸጠ» አለኝ። «ገዢው የሰባተኛ ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት መጥቶ ይወስደዋል።»

«አዲስ ልትገዙ ነው?»

«እኔ ደሴ ልሄድ ነው። የአጎቴ ዓይን ደክሟል፤ ቀይ ጨርቅ አምጣ ሲሉት ቡኒ ማውረድ ጀምሯል አሉ። ሐጂ አንተ ሄደህ ሱቁን ያዝ አሉኝ። ማክሰኞ እሄዳለሁ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ሱቅ ለስንት ጊዜ ነው ተብሎ ይያዛል እንዴ?» አለ። ከዚያ የግቢያችንን አጥር በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገና «ነገ እሑድ ነው። ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ አገልግሉን ያዘጋጃሉ» አለኝ።

ይህ የአገልግል ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። እሱ የወሎ እስላም ልጅ ነው፣ እኔ የጎጃም ክርስቲያን። ሥጋ አብረን አንበላም። እሱ የእኛን አይነካም፤ እኔም የእነሱን አልነካም። ስለዚህ ልጆች ሳለን ጀምሮ ወደ አንድ ቦታ ለመሄድ ስናስብ ጾም ቀን እንጠብቅ ነበር። በጾም ቀን ሽሮ ነው፤ ሽሮ ደግሞ የማንም ነው፤ ከአንድ ሳሕን እንበላለን። የጾሙን መግቢያና መውጫ ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነበር። እናቴ በዚህ ትስቃለች። በዚያ ቅዳሜም ልሸኘው በሩ ጋ ስንደርስ ከውስጥ ሆና «አንተ ልጅ፣ ደሴ ስትሄድ ፋሲካ መቼ እንደሆነ ለልጄ ማን ይነግረዋል?» ስትለው ሰማሁ። «እርስዎ አሉ አይደል፣ እትዬ» አላት።

ሦስተኛው ጓደኛችን ሰባተኛ አካባቢ ባለ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው። የራሱ ሞተር የለውም። ነገር ግን የጋራዡ ደንብ አንድ ሞተር ከተጠገነ በኋላ ሳይሞከር ለባለቤቱ አይመለስም የሚል ነው። የእሱ ሙከራ ረጅም ነው። «አንድ ድምፅ አለው» ይላል፤ «ከሱሉልታ ወዲህ አይታወቅም።» እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስወጣ ሁለቱም አማኑኤል በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። መካኒኩ አንድ ቀይ ሞተር ይዟል።

«የማን ነው?» አልኩት።

«የአንድ የጥርስ ሐኪም። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ እስኪ ላዳምጠው።»

አገልግሉን ከመካኒኩ ኋላ በገመድ አሰርነው። እኔ እንደ ድሮው ከጓደኛዬ ኋላ ተቀመጥኩ። በአዲሱ ገበያ አድርገን የእንጦጦን ዳገት መውጣት ጀመርን።

ያንን ዳገት ብዙ ጊዜ አልወጣሁትም። የማስታውሰው ሽታው ነው፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ከሞተሩ የቤንዚን ሽታ ጋር ሲቀላቀል። መንገዱ እየተጠመዘዘ በወጣን ቁጥር ከተማው አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይታየናል። መርካቶ ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩት የቆርቆሮ ሜዳ ነው። ጓደኛዬ በእጁ አመለከተና አንድ ነገር ተናገረ፤ ነፋሱ ወሰደው። «ምን?» ብዬ ጮህኩ። «የእኛ ሱቅ ቆርቆሮ የቱ ነው እያልኩህ ነው» አለ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ቢሆንም አንዱን መረጥኩና «ያ» አልኩት። «አዎ፣ እሱ ነው» አለኝ።

ሱሉልታ ሜዳው ላይ ስንደርስ መንገዱ ተዘረጋ። በግራና በቀኝ የድርቆሽ ክምር፣ ከብቶች፣ በፈረስ የሚሄዱ ሰዎች። ጫንጮን አለፍንና መንገዱ እንደገና መጠማዘዝ ሲጀምር ጓደኛዬ ዳር ይዞ አቆመ። ወረደና መሪውን ለእኔ ያዘልኝ።

«ና» አለ።

ማርሹን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ፍሬኑን አሳየኝ። ይህን ከኋላ ሆኜ ለዓመታት ስላየሁት አልከበደኝም። መካኒኩ ፊቴን አይቶ «እንደ ፈተና አታስበው» አለኝ። ብቻዬን ተነሣሁ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ከፊቴ ማንም አልነበረም፤ የጓደኛዬ ጀርባ እንኳን አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ መንገድ ያየሁት በእሱ ትከሻ ላይ አሻግሬ ነበር። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ደስታ በትክክል ልጽፈው አልችልም።

ከዚያ መታጠፊያው መጣ። መንገዱ ወደ ግራ ዞረ። እኔ ጀርባዬን አቅንቼ፣ ልቤን አረጋግቼ፣ ሞተሩ እስኪያጋድል ጠበቅሁ። አላጋደለም። መንገዱ ወደ ግራ ሄደ፤ እኔና ሞተሩ ቀጥ ብለን የመንገዱን ዳር ዘልለን ሜዳው ውስጥ ገባን። ሣሩ ውስጥ እየተንገጫገጭኩ ጥቂት ሄድኩና አንድ የድርቆሽ ክምር ገፍቼ ሥሩ በጎኔ ወደቅሁ።

በፈረስ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን አቁመው ቁልቁል አዩኝ። አልሳቁም፤ አልደነገጡምም። በአለንጋቸው አመለከቱና «መንገዱ በዚህ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ሄዱ።

ጓደኞቼ እየሮጡ መጡ። ጓደኛዬ መጀመሪያ የያዘው እኔን ነው፤ ክንዴን ዳበሰው፣ ጉልበቴን ዳበሰው። ከዚያ በኋላ ነው ሞተሩን ያየው።

«ምን ነካህ? ለምን አልታጠፍክም?»

«ሞተሩ እስኪያጋድል ስጠብቅ ነው» አልኩት።

መካኒኩ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እስኪያጋድል!» አለ በመጨረሻ ዓይኑን እየጠረገ። «ጣቃ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ መጣ!»

ጓደኛዬ አልሳቀም። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። «ሲነዳ ጣቃ አትሁን ብዬ አልነገርኩትም።»

መሪው ትንሽ ተጣሞ ነበር። መካኒኩ የፊቱን ጎማ በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ጠምዝዞ አቀናው፤ ከቤንዚን ሰልባትዮው ላይ የተላጠውን ቀለም በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገና «እንደገና ቢወድቅ ግን ገዢው ያየዋል» አለ። «ሞተሩ ነገ የሰው ነው።»

ጓደኛዬ ሞተሩ ላይ ወጣ። መሪውን ያዘና «ከኋላ ና» አለኝ።

ከዚያ በኋላ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ብዙ ሄድን። ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወስደው መንገድ የሚቆለቆልበት ቦታ ነው። ሞተሮቹን አቁመን አገልግሉን ፈታን። እናቴ የሽሮ ፍትፍቱን በቃሪያ አሳምራው ነበር። ከገደሉ ማዶ ጭላዳዎች ተደርድረው ይመለከቱናል። መካኒኩ ትልቁን ጉርሻ ጠቅልሎ ለነጋዴው ጓደኛችን ሰጠውና «ደሴ ላይ ማን ያጎርስሃል?» አለው።

«ሚስት ያጩልኛል፤ እሷ ታጎርሰኛለች።»

«ጣቃ የምትሸከም ትሁን።»

«ጣቃውማ ያለው ስድስት ኪሎ ነው» አለና እኔን ሳያይ እኔንም አጎረሰኝ።

እነሱ ሲስቁ እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሐሳቤ ሞተሩ ላይ ነበር። ሌላ ዕድል እንደሚሰጠኝ ወይም እንደማይሰጠኝ አልተናገረም። መጠየቅ አፈርኩ። ሞተሩን ሌላ ጭረት ሳይጨመርበት ማስረከብ አለበት፤ አባቱ ቃል ገብተዋል። ሁሉን ነገር እንደሚገባ ማድረግ እንዳለበት አውቃለሁ። ቢሆንም ጭላዳዎቹን እያየሁ የማስበው ስለዚያች ግራ መታጠፊያ ነበር። ነገ ጠዋት ሞተሩ ይሄዳል፤ ማክሰኞ እሱ ይሄዳል፤ እኔ ሞተር የነዳሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ሜዳ ውስጥ ሆኖ ይቀራል።

ስንመለስ ከኋላው ሆኜ ጣቃ ነበርኩ። የወደቅሁበት ድርቆሽ አለፈ፤ አንድ ልጅ የገፋሁትን ክምር መልሶ ይከምር ነበር። ጫንጮ አለፈ፤ ሱሉልታ አለፈ። ፀሐይዋ በስተቀኛችን ዝቅ ብላ የሁለታችን ጥላ በግራ በኩል ሣሩ ላይ አብሮን ይሮጣል፤ አንድ ረጅም ሰው ይመስል ነበር። መንገዱ እንጦጦን መውጣት ከሚጀምርበት ሥር ስንደርስ ሞተሩ ቀስ አለ። ቤንዚን ያለቀብን መሰለኝ።

ጓደኛዬ ወረደ። «ና፣ ወደፊት ተሳብ።»

«ሞተሩ ነገ የሰው ነው» አልኩት።

«ዛሬ ገና ገዢው አልወሰደውም። ና አልኩህ።» ከዚያ ከኋላዬ ተቀመጠ። እጆቹን ወገቤ ላይ አደረገ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወገቡን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ነገሩ እንግዳ ሆነብኝ። «አሁን ጣቃው እኔ ነኝ» አለኝ። «ምንም አላደርግም፤ ምንም አልነግርህም። ካላጋደልክ አንታጠፍም፤ አብረን ገደል እንገባለን። ሐጂም ደሴ የሚልኩት ሰው ያጣሉ።»

መካኒኩ ከኋላ ሆኖ «እኔ ምስክር ነኝ» አለ።

ተነሣሁ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ወደ ቀኝ ነበር። ትከሻዬን ጣልኩ፤ ሞተሩም ከእኔ ጋር ተጣለ። ከኋላዬም ክብደቱ፣ ምንም ሳይቀድም፣ ምንም ሳይዘገይ አብሮኝ አጋደለ። ዞርን። መንገዱ ከፊታችን እንደገና ተከፈተ። ከኋላዬ ድምፅ አልሰማሁም፤ ቃሉን ጠብቆ ዝም ብሏል። ሁለተኛው ግራ ነበር፤ ከዚያ ቀኝ። እያንዳንዱን ዞርኩት። በአንዱ ላይ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና መጣና ዳር ያዝኩለት፤ ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ጓደኛዬ ያኔም እንኳ ወገቤን ጠበቅ አላደረገውም። እንዲህ ያለ እምነት ከሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር። እኔ ከእሱ ጀርባ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ሁሉ ምን እሰጠው እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አፋፉ ላይ አዲስ አበባ ስትታየን አቆምኩ።

«ቁልቁለቱ የእኔ ነው» አለና ቦታ ተለዋወጥን።

ትንሽ ቆየን። ከተማው ላይ የማታ ጭስ ተነሥቷል፤ አንዳንድ መብራት በርቷል። መካኒኩ የሐኪሙን ሞተር ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠና «ድምፁ ጠፋ» አለ። መውረድ ጀመርን። እኔ እንደ ልማዴ ተቀመጥኩ፤ ወይም እንደ ልማዴ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጓደኛዬ ሳይዞር «ጣቃው የት ሄደ?» አለኝ።

«እዚህ ነኝ።»

«አይደለህም። ከእኔ ቀድመህ እያጋደልክ ነው።»

እውነቱን ነበር። መንገዱን በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ፣ መታጠፊያው ሳይደርስ ሰውነቴ መዞር ጀምሯል። ለመተው ሞከርኩ። «ተው፣ ይሁን» አለኝ። «ዛሬ ይሁን።» እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ሁለታችንም እየነዳን ወረድን።

አማኑኤል አጠገብ ከቤታችን በር ላይ አወረደኝ። ጣቃ የሚያስርበት ገመድ እንደ ተለመደው ከመቀመጫው ሥር ተጠቅልሎ ነበር። ፈታውና ለእኔ ሰጠኝ። «ገመዱን አልሸጥንለትም» አለ። ማክሰኞ ዕለት ፈተና ስለነበረኝ ሽኝቱ ላይ አልተገኘሁም። ገመዱ አሁን ማደሪያ ክፍሌ ውስጥ ነው፤ ሳጥኔን አስርበታለሁ።

ሞተሩን አንድ ቀን ሰባተኛ አይቼዋለሁ። የተላጠውን ቦታ ቀብተውታል። ከኋላው የለስላሳ ሣጥን ጭኗል። ነጂው እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት።

አሁን ሰኔ እየገባ ነው፤ የአንደኛ ዓመት ትምህርቴም ሊያልቅ ነው። ባለፈው እሑድ መካኒኩ የሌላ ደንበኛ ሞተር ይዞ ስድስት ኪሎ በር ድረስ መጣ። «ና፣ አንድ ዙር እንሞክራት» አለኝና ከኋላው ተቀመጥኩ። አደባባዩን ስንዞር ሞተሩ ተወዛወዘ። አቁሞ ዞረብኝ።

«ምን ሆነሃል? አርፈህ ጣቃ ሁን እንጂ።»

እንደገና ሞከርን። አልሆነልኝም። መካኒኩ ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀኝም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ከአጥሩ ሥር አብረን ተቀመጥን። ከደሴ የመጣ የጭነት ሾፌር ጓደኛችንን ሱቅ ውስጥ እንዳየው፣ ደህና እንደሆነ፣ ፂም እንዳስቀመጠ መካኒኩ ነገረኝ።

«ሞተር አለው?» አልኩት።

«የለውም። አጎቱ ሞተር አይወዱም አሉ።» ከዚያም «ሾፌሩ ግን የደሴ መንገድ ሁሉ ጥምዝምዝ ነው ይላል» አለኝ። «ከጣርማ በር ጀምሮ አንድ ቀጥ ያለ ቦታ የለም።»

ያንን መንገድ አይቼው አላውቅም። ማታ መጽሐፌን ስዘጋ ግን ያ ማክሰኞ ይታየኛል። ጓደኛዬ አውቶቡስ ውስጥ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጧል። መንገዱ ሊታጠፍ ሲል ሌሎቹ ሳያውቁት እሱ ብቻ ትከሻውን ቀድሞ ይጥላል።